ጭስ አልባ ኃይል ፍለጋ፦ ከፉርን ኤል ሸባክ በረንዳ እስከ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ቤተ ሙከራ

ፉርን ኤል ሸባክ ከቤሩት ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ወደ ደማስቆ በሚወስደው አሮጌ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሰፈር ነው። ሱቆቹ የተጠጋጉ፣ ፎቆቹ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ፣ በረንዳዎቹ ደግሞ ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው። በዚህ ሰፈር የሚኖር ሰው ቀኑን የሚቆጥረው በመብራት መምጣትና መሄድ ነው። የአገሬው ሰው «ዳውሌ» የሚለው የመንግሥት መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ቅጽበት ጸጥታ ይሆናል፤ ማቀዝቀዣው ዝም ይላል፤ ሊፍቱ ባለበት ይቆማል። ከዚያም ከሕንፃው ሥር ወይም ከአጠገቡ ካለ ባዶ ቦታ ትልቁ ሞተር ይነሳል። «ኢሽቲራክ መጣ» ይባላል፤ ወርሃዊ ክፍያ ተከፍሎበት ከግል ጀነሬተር የሚገኝ መብራት ማለት ነው።

በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት የኖሩ እህቶቻችን ይህን ድምፅ ያውቁታል። ልብስ አስጥታ የነበረች ፈጥና ትሰበስባለች። በነጭ አንሶላ ላይ ጥቁር ብናኝ ካረፈ ዳግም ማጠቡ የእርሷ ዕጣ ነውና። በአንሶላው ላይ ያረፈው ብናኝ ይታያል፤ በሳንባ ውስጥ ያረፈውን ግን አንስቶ የሚያጥበው የለም።

የሊባኖስ የመብራት ችግር የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1990 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ያደቀቀው የኃይል መሥሪያ ቤት በቅጡ ሳያገግም ቆይቶ፣ ከ2019 ጀምሮ የአገሪቱ ገንዘብ ሲወድቅ ነዳጅ መግዣ ጭምር አጣ። በኦክቶበር 2021 ዴር አማርና ዛህራኒ የተባሉት ሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች ነዳጅ ጨርሰው በመቆማቸው አገሪቱ ጨለማ ውስጥ ገብታ ነበር። ክፍተቱን የሞሉት በየመንደሩ ያሉ የናፍጣ ጀነሬተሮች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን በ2012 በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። በቤሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የከባቢ አየር ኬሚስት የሆኑት ፕሮፌሰር ናጃት ሳሊባ፣ በ2019 የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማትን የተቀበሉትና ኋላም የፓርላማ አባል የሆኑት፣ ይህን አየር ለዓመታት ሲለኩ ኖረዋል። የእርሳቸው ቡድን በ2024 ይፋ ባደረገው ልኬት ካንሰር አምጪ በካዮች ከ2017 ወዲህ በእጥፍ ያህል ጨምረው ተገኝተዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱ ግን ከባድ ነው። ነዳጅ ሳያነዱ መብራት ማግኘት ይቻላልን? ይህን ጥያቄ የሙያ ዘመናቸው ሥራ ካደረጉት የዓለም ሊቃውንት አንዷ አዲስ አበባ የተወለዱ ኢትዮጵያዊት ናቸው።

ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ የተወለዱት በ1966 ነው። አባታቸው የግዕዝ ጽሑፎች ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ ካይሮና ጀርመን ተምረው የተመለሱ ምሁር። በደርግ ዘመን፣ በ1975፣ ወታደሮች ተኩሰው ካቆሰሏቸው በኋላ ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ቤተሰቡ ተሰዶ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የገጠር ከተማ ኑሮውን መሠረተ። አባት በዚያ ሆነው በፊልም የተቀዱ የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎችን ሲመዘግቡ ኖሩ፤ በ2021 አረፉ። ልጅት ደግሞ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ገብተው በ1992 ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ በ1996 የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህርት ሆኑ፤ ከ2015 ወዲህ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። ኒውስዊክ መጽሔት በ2007 መጨረሻ «በመጪው ዓመት ዓይን ሊጣልባቸው ይገባል» ካላቸው 12 ሰዎች አንዷ አድርጓቸው ነበር። የሙያ መጠሪያቸው የቁስ አካል ሳይንቲስት ነው፤ ሥራቸው ግን ከኬሚስትሪ ጋር የተጋመደ ነው።

የሥራቸው ማዕከል የነዳጅ ሕዋስ ይባላል። ጀነሬተር ነዳጁን ያነዳል፤ እሳቱ ሞተሩን ይዘውራል፤ ሞተሩ መብራቱን ያመነጫል። የነዳጅ ሕዋስ እሳቱንም ሞተሩንም ይዘላቸዋል። በአንድ ወገን ሃይድሮጅን ይገባል፤ ኤሌክትሮኑን ይነጠቃል። ራቁቱን የቀረው ፕሮቶን በመካከል ባለው ስስ ንጣፍ አልፎ ወደ ማዶ ይሻገራል። ኤሌክትሮኑ ግን በንጣፉ ማለፍ ስለማይችል በሽቦ ዞሮ ይሄዳል፤ አምፖሉን የሚያበራው ይህ ጉዞ ነው። ማዶ ላይ ሁለቱ ከኦክስጅን ጋር ይገናኛሉ፤ የሚወጣው ውሃ ነው። ጭስ የለም፤ የሞተር ጩኸትም የለም።

ታዲያ ለምን በየቤቱ አልገባም? ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን በፈቃዱ አይለቅምና ነው። የሚያስለቅቀው ያስፈልጋል። ኬሚስቶች «ካታሊስት» ይሉታል፤ በአማርኛ «አፋጣኝ» ልንለው እንችላለን። አፋጣኝን ለመረዳት የአገራችንን ሽማግሌ ማሰብ ይበቃል። ሁለት ቤተሰብ ለብቻው ቢተው ሳይነጋገር ዓመት ያልፋል። ሽማግሌው ግን ይሄዳል፤ ይመላለሳል፤ ያግባባል፤ ጋብቻው ሲፈጸም ወደ ቤቱ ይመለሳል። አላገባም፣ አልተለወጠም፤ በማግስቱ ለሌላ ቤት ይላካል። አፋጣኝም እንዲሁ ነው፤ በምላሹ ውስጥ ገብቶ ይሠራል፣ ሳያልቅ ይወጣል። ያለ እርሱ በብዙ መቶ ዲግሪ ሙቀት የሚፈጸመውን በጥቂት ሙቀት ያስፈጽማል። ኬሚስትሪን ከብክነትና ከመርዝ ለማራቅ የሚጥሩ ሊቃውንት ከሁሉ አስቀድመው ወደ አፋጣኝ የሚዞሩት በዚህ ምክንያት ነው። የሚባክን ነገር ያንሳል፤ የሚነደውም ነዳጅ ይቀንሳል።

ለሃይድሮጅን የታወቀው ሽማግሌ ፕላቲኒየም ነው፤ ዋጋው ግን ከከበሩት ማዕድናት ተርታ ነው። ናኖ ቅንጣት የሚባለው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቡና ቆልተን ሳንወቅጥ ፍሬውን እንዳለ ጀበና ውስጥ ብንጨምረው ስንት ሰዓት ቢፈላ ነው ቡና የሚሆነው? ውሃው የሚነካው የፍሬውን ልብስ ብቻ ነውና ውስጡ እንደ ታሸገ ይቀራል። አፋጣኝም የሚሠራው በገጽታው ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለው አቶም ሥራ ፈት ነው። ጎኑ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ፣ የስኳር እንክብል የሚያህል የፕላቲኒየም ጡብ 21 ግራም ተኩል ያህል ይመዝናል፤ ገጽታው ግን 6 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ያንኑ ጡብ ጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደሆኑ ቅንጣቶች ብንከፋፍለው ጠቅላላ ገጽታው 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ብረቱ አልጨመረም፤ የጨመረው ሥራ የሚሠራበት ገጽ ነው።

ናኖ ቅንጣት ግን የራሱ አመል አለው። በመረቅ ላይ የሚንሳፈፉ የዘይት ጠብታዎችን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሲሞቁ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፣ አራቱ ሁለት ይሆናሉ። ቅንጣቶቹም ሙቀት ሲበዛባቸው ተጎራብተው ይዋሃዳሉ፤ ገጽታቸው ይቀንሳል፤ ጉልበታቸው ይከዳል። ስለዚህ ትንንሽ አድርጎ መሥራቱ የሥራው እኩሌታ እንኳ አይደለም፤ ትንንሽ ሆነው እንዲቆዩ የሚያደርግ ሁኔታ መፍጠር አለ።

የፕሮፌሰር ሶስና ብልሃት የታየው በዚህ ላይ ነው። ቀደም ሲል የነበሩት የነዳጅ ሕዋሳት በአብዛኛው በሁለት ጎራ የተከፈሉ ነበሩ። ፕላስቲክ መሰል ንጣፍ ያላቸው ከ100 ዲግሪ በታች ይሠራሉ፤ ግን ብዙ ፕላቲኒየምና እጅግ ንጹሕ ሃይድሮጅን ይፈልጋሉ። የሸክላ ንጣፍ ያላቸው ከ600 ዲግሪ በላይ ይሠራሉ፤ ነዳጅ አይመርጡም፣ ሙቀቱ ግን ራሳቸውን ጭምር ይጎዳል። በመካከሉ ባለው ሰፊ ሜዳ የሚሠሩት ጥቂት ነበሩ። እርሳቸው የተመለከቱት «ጠጣር አሲድ» የሚባሉ ጨው መሰል ውህዶችን ነው። እነዚህ ውህዶች ሲሞቁ በውስጣቸው ያሉት አቶሞች መወዛወዝ ይጀምራሉ፤ ፕሮቶኑም ከአንዱ ወደ ሌላው በቅብብል ይሻገራል።

በ2001 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመው የመጀመሪያ ሥራቸው ከሲዚየምና ከሰልፌት የተሠራ ጨውን ይመለከት ነበር። ብዙዎች የተጠራጠሩት በበቂ ምክንያት ነው። ጨው በውሃ ይሟሟል፤ የነዳጅ ሕዋስ ደግሞ የሚያመርተው ውሃ ነው፤ ማሽኑ ራሱን አይበላምን? መልሱ ውሃውን ምንጊዜም እንፋሎት ማድረግ ሆነ። ከ100 ዲግሪ በላይ እስከሠራ ድረስ የሚያሟሟ ጠብታ የለም። ሰልፌቱ ግን ከሃይድሮጅን ጋር እየተነካካ ተበላሸ። በ2004 ወደ ሲዚየም ፎስፌት ዞሩ፤ በመጠኑ እንፋሎት እየተሰጠው በ250 ዲግሪ አካባቢ ጸንቶ እንደሚሠራ ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳዩ። 250 ዲግሪ የዳቦ ቤት ምድጃ ሙቀት ነው። የናኖ ቅንጣትን ዕድሜ የሚያሳጥር እሳት አይደለም፤ አፋጣኙ ተግቶ እንዲሠራ ግን ይበቃል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሃይድሮጅኑ ከየት ይምጣ? ሃይድሮጅን ቀላል ጋዝ ነው፤ ፈሳሽ ለማድረግ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ይጠይቃል። አሞኒያ ግን አንድ ናይትሮጅን ሦስት ሃይድሮጅን ተሸክሞ፣ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ ፈሳሽ ይሆናል፤ ዓለምም ለመቶ ዓመት በመርከብና በቧንቧ ሲያመላልሰው ኖሯል። ችግሩ ሸክሙን ማስወረድ ነው። አሞኒያን ለመሰንጠቅ እንደ ወትሮው ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል፤ የሚወጣውም ሃይድሮጅን ከናይትሮጅንና ካልተሰነጠቀ አሞኒያ ጋር የተደባለቀ ነው። በ2020 የፕሮፌሰር ሶስና ቡድን ጁል በተባለው መጽሔት ያቀረበው መሣሪያ ይህንኑ በ250 ዲግሪ ይፈጽማል። መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል በካርቦን ናኖ ቱቦዎች ላይ የተበተኑ የሩቴኒየም ቅንጣቶች አሞኒያውን ይሰነጥቃሉ። በሁለተኛው ክፍል ጠጣሩ አሲድ በር ጠባቂ ሆኖ ይቆማል፤ ፕሮቶን ብቻ ያሳልፋል። ማዶ የሚወጣው ንጹሕ ሃይድሮጅን ነው። ደግሞም ሃይድሮጅኑ እየተወሰደ በሄደ ቁጥር ቦታ ስለሚለቅ የመሰንጠቁ ሥራ ወደፊት ይገፋል። ሁለት ሥራ በአንድ ማሽን መገናኘቱ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀው ክፍል ነው።

በዚያው ዓመት ቤሩት የአሞኒያን ልጅ በሌላ መልኩ አየችው። ኦገስት 4 ቀን 2020 በወደቡ መጋዘን ለዓመታት ተከማችቶ የነበረ 2 ሺህ 750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ፤ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ከሟቾቹና ከቁስለኞቹ መካከል ለእንጀራ የመጡ የውጭ አገር ሠራተኞችም ነበሩ። አሞኒየም ናይትሬት የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያው ደግሞ የሚሠራው በአፋጣኝ ነው። ፍሪትዝ ሀበር በ1909 በቤተ ሙከራ ያሳየውን፣ ካርል ቦሽ በ1913 በጀርመን ኦፓው ከተማ ፋብሪካ አደረገው። አልዊን ሚታሽ የተባለው ኬሚስት ምቹውን አፋጣኝ ለማግኘት በሺዎች የሚቆጠሩ ድብልቆችን ፈትኖ፣ በመጨረሻ ርካሹን ብረት መርጧል። ያ ብረት ዛሬ ለግማሽ ያህሉ የዓለም ሕዝብ ምግብ ምክንያት የሆነውን ማዳበሪያ ያመርታል። ያው የኦፓው ፋብሪካ በ1921 በናይትሬት ክምር ፍንዳታ ወድሞ ከ500 በላይ ሰዎች አልቀዋል። አፋጣኝ ዳቦንና ፈንጂን ለይቶ አያውቅም። መለየቱ የመጋዘን ጠባቂውና የሹሙ ሥራ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ «የኢትዮጵያዊቷ ግኝት የቤሩትን ጭስ ያጠፋል» ብሎ መጻፍ ለዚህ ጸሐፊ አይቀናውም። ሩቴኒየም ብርቅ ማዕድን ነው፤ አብዛኛው ከደቡብ አፍሪካ የፕላቲኒየም ማዕድን ማውጫዎች በተጓዳኝ የሚገኝ ነው። አሞኒያም መርዛማ ነው። ወደቡ ሲፈነዳ ላየች ከተማ፣ በፎቆች መካከል የአሞኒያ ጋን ይተከል ብሎ የሚመክር ሰው አስቀድሞ ስለ ጥበቃው መልስ ይዞ ይምጣ። በነገራችን ላይ በቤት ውስጥም ቢሆን አሞኒያ ያለበትን ማጽጃ ከበረኪና ጋር መደባለቅ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፤ መታጠቢያ ቤት ዘግታ የምታጸዳ እህት ይህን ማወቅ ይኖርባታል። የእንዲህ ያለው መሣሪያ ቀዳሚ ቦታ ሰፊ ግቢና የሠለጠነ ጠባቂ ያለው የኃይል ጣቢያ፣ ወይም የሃይድሮጅን ተሽከርካሪዎች የሚሞሉበት ማደያ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ። ዛሬ የሚመረተው አሞኒያ ከሞላ ጎደል ሃይድሮጅኑን የሚያገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ወይም ከድንጋይ ከሰል ነው፤ ጭሱ ፋብሪካው ዘንድ ቀርቶ ነው ንጹሕ መስሎ የሚመጣው። ሃይድሮጅኑ ከውሃ፣ ኃይሉ ከግድብ ወይም ከፀሐይ ሲሆን ነው ነገሩ የሚለወጠው። ይህ ነገር አገራችንን በቀጥታ ይነካል። በ2025 የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ኃይል የማመንጨት አቅም ይዞ ተመርቋል። በዚያው ዓመት በሶማሌ ክልል ጎዴ ከኦጋዴን ጋዝ የዩሪያ ማዳበሪያ ለማምረት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈርሟል። ማዳበሪያን በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ ገበሬ አገር የጋዙ ፋብሪካ ታላቅ እፎይታ ነው። የኢትዮጵያ ኬሚስቶችና መሐንዲሶች ግን ከአሁኑ ሁለተኛውን መንገድ፣ የውሃውን መንገድ፣ ማጥናት ቢጀምሩ አይበዛባቸውም።

ቤሩት ላይም ቢሆን ሥራው የቆመ አይደለም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲው ያሉ ተመራማሪዎች ዚርኮኒየም ያለባቸው፣ እንደ ማር እንጀራ ባለ ቀዳዳ የሆኑ ውህዶችን በአፋጣኝነት ይፈትናሉ፤ እንዲህ ዓይነቶቹን ውህዶች ከመሠረቱት አንዱ፣ ከፍልስጥኤም ስደተኛ ቤተሰብ አማን የተወለዱት ዑመር ያጊ፣ የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ናቸው። «ኬሚስትሪ» የሚለው ቃል ራሱ ወደ ምዕራብ የተሻገረው ከዐረብኛው «አል ኪሚያ» መሆኑን ስናስታውስ፣ ሙያው ወደ ሩቅ አገር የሄደ እንግዳ አይደለም።

ለፉርን ኤል ሸባክ ነዋሪ ግን ቅርቡ መፍትሔ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። ከ2021 ወዲህ በሊባኖስ ጣሪያዎች ላይ የፀሐይ ሰሌዳ በብዛት ተተክሏል፤ ቀን ቀን ሞተሩን ያሳርፋል። ሌሊት ባትሪው ሲያልቅ ሞተሩ ይመለሳል። በሞተሩ ጭስ ማውጫ ላይ የሚገጠም ማጣሪያ ደግሞ አለ፤ በውስጡ ያለው በሸክላ ወንፊት ላይ የተቀባ የፕላቲኒየም ናኖ ቅንጣት ነው፤ ከነዳጅ ሕዋሱ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ያልተቃጠለውን ጋዝ ያቃጥላል፤ ጥላሸቱንም ይይዛል። የአገሪቱ ባለሥልጣናት የጀነሬተር ባለቤቶች ማጣሪያ እንዲገጥሙ በተለያየ ጊዜ አዘዋል። ነገር ግን በናፍጣው ውስጥ ያለ ሰልፈር የፕላቲኒየሙን ገጽታ ሸፍኖ ያንቀዋል፤ በርካሽና ሰልፈር በበዛበት ናፍጣ ላይ የተገጠመ ማጣሪያ ለስሙ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ የሕንፃው ነዋሪዎች የኢሽቲራክ ሒሳብ ሲከፍሉ «ማጣሪያ ገጥማችኋል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ የሚጠይቁት ሌላ ጥያቄ ይኖራል፤ «የምትቀዱት ናፍጣ ሰልፈሩ ስንት ነው?»